የእስትንፋስ ምልክት

ክብር መጋረጃ ነው። ፉሲ ይህን የተረዳችው ከሸመገለች በኋላ ነበር። በሩቁ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት በሃአፓይ ደሴቶች የአባት እኅት ቃል አይመለስም። የወንድሟ ልጆች እርሷ ባለችበት ድምፃቸውን ያለዝባሉ፣ ዐይናቸውን ይሰብራሉ፤ ከእርሷ ከፍ ብሎ መቀመጥ ነውር ነውና ወደ መሬት ዝቅ ይላሉ። ስለዚህ የዘመዶቿን አናት እንጂ ፊታቸውን አጥርታ አታውቅም ነበር። ስለ ጤናቸው ስትጠይቅ «ደኅና ነን»፣ ስለ ኑሯቸው ስትጠይቅ «ተመስገን» ይሏታል፤ ከዚህ አልፎ የሚነግራት የለም።

የቀራት ጆሮዋ ነበር። ከእርሷ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ይመራ የነበረው ሽማግሌው ሃቪሊ፣ ዜማውን በቁጥር ምልክት ሰሌዳ ላይ መጻፍን ካስተማራት በኋላ ሌላ ትምህርት ጨምሮላታል። «ድምፅን ሰው ያሳምረዋል፣ ይዋሽበታልም። እስትንፋስ ግን ፈጣሪ በአዳም አፍንጫ እፍ ያለው ነውና ለሰው ፈቃድ አይገዛም። ማን የት ላይ እንደሚተነፍስ ስሚ። ስሕተቱን ብቻ ሳይሆን ስሕተቱን ለመሸፈን የሚደረገውንም ስሚ» ይላት ነበር። እርሷም ዕድሜዋን በመስማት አሳለፈች። የፀነሰችውን ሴት ባሏ ሳያውቅ ታውቃለች፤ ተኳርፎ የመጣውን ባልና ሚስት ከመጀመሪያው መዝሙር ትለያለች። ያወቀችውን ግን ለእግዚአብሔር እንጂ ለጎረቤት አትነግርም።

የገዛ ወንድሟን ልጅ ኬፔሊኤሊን ግን ሳተችው።

ኬፔሊኤሊ ጠላቂ ነው። በጎማ ቱቦ አየር እየሳበ፣ ነጋዴዎች በውድ የሚገዙትን በባሕር ወለል የሚሳብ ፍጥረት ይለቅማል። በመዘምራኑ መካከል ወፍራሙን ድምፅ እንደ ምሰሶ የሚሸከመው እርሱ ነበር። ያለፈው የመጥለቂያ ወቅት ከተዘጋ ወዲህ ግን በረጃጅሞቹ ሐረጎች መጨረሻ ላይ ድምፁ ይቋረጥ ጀመር። ፉሲ የሰማችውን ከመመርመሯ በፊት ፈረደችበት። ከጓደኞቹ ጋር ካቫ የተባለውን የሚያደነዝዝ የሥር መጠጥ ሲጠጣ ማምሸቱን ከድሮም አትወደውም ነበርና፣ በልምምድ ላይ እጇን አውርዳ ዜማውን አስቆመችና፣ ካቫ ሲያርሰው ያመሸ ጉሮሮ ለእግዚአብሔር ቤት ትራፊውን ያመጣል ብላ በሰው ሁሉ ፊት ወቀሰችው።

አጠገቡ የተቀመጠው፣ አብሮት የሚጠልቀው ባልንጀራው ሄኔሊ ቀልዱን አላጣም። «አክስቴ ይማሩት፤ ከዓሣ ጋር እየዋለ መተንፈስ ረስቶ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኬፔሊኤሊ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አክስቴ» አለ። እርሷም በተደፋው አንገት ረክታ ወደ ዜማው ተመለሰች።

ወቅቱ ሰኞ ሊከፈት፣ በዋዜማው እሑድ በቅዳሴው መካከል ኬፔሊኤሊ የሚቋረጥበት ያ ረጅም ሐረግ መጣ። ፉሲ እጇ እየመራ ጆሮዋን ወደ ወንዶቹ ረድፍ ጣለች። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ሰማች። የኬፔሊኤሊ ድምፅ ከመቋረጡ በፊት፣ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የሄኔሊ ድምፅ ይጎላል። ባልንጀራው ክፍተቱ የት እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃል፤ ሳይመጣም ይደፍነዋል። ያ የልምምዱ ቀልድም መሸፈኛ ነበር። ዐይኗን ብታነሣ፣ ከልጅነቱ ግራኝ የሆነው የወንድሟ ልጅ መጽሐፉን በቀኝ እጁ ይገልጣል፤ ግራ እጁ የሌላ ሰው ይመስል ጭኑ ላይ ተጥሏል።

ከጥልቅ በችኮላ የወጣ ጠላቂ እጅ እግሩ ይሽመደመዳል፤ እንዲህ ያለውን ያልቀበረ፣ ያላስታመመ ቤት በደሴቶቹ የለም። ሁለተኛ የጠለቀ እንደሆነ አይመለስም።

እንዳይሄድ ልታዝዘው ትችል ነበር። ግን «እሺ» እንደሚል፣ አንገቱንም እንደሚደፋ፣ ከዚያ በሌላ ደሴት ጀልባ እንደሚሄድ ታወቃት። የእርሷ ክብር እውነቱን የሚያወጣ ሳይሆን የሚያዳፍን ነበር።

ከሰንበት ምሳ በኋላ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች። በሰንበት የሚሠራ የለምና ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ተጎትተው ቆመዋል። ኬፔሊኤሊ በአንዱ ጠርዝ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አክስቱን ሲያይ ወዲያው ወርዶ አሸዋ ላይ መቀመጥ ይገባው ነበር፤ አልወረደም። በቀኝ እጁ ጠርዙን ጨበጠ፣ ቀኝ እግሩ ተንቀሳቀሰ፣ ግራው ግን አልታዘዘም።

«አክስቴ ይቅርታ... አሁን እወርዳለሁ።»

ፉሲ እንደ አገሩ ወግ ለክብር በወገቧ የታጠቀችውን ምንጣፍ ሰብስባ ከእግሩ ሥር አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ከወንድሟ ልጅ በታች ስትቀመጥ በዕድሜዋ የመጀመሪያ ነበር።

«ኧረ አክስቴ፣ በእግዚአብሔር ይነሡ። ሰው ያየናል።»

«ይየና። እኔ አንተን ያላየሁት ይበቃል። ያን ቀን ስወቅስህ የሰማሁት ያንተን ድምፅ አልነበረም፤ የራሴን ቅያሜ ነው።»

ቀና ብላ ብታይ ፊቱን አየችው። ከስቷል። ከዚያ በኋላ ቃሉ እየተቆራረጠ ወጣ። ባለፈው ወቅት መጨረሻ ቱቦው ታጥፎ አየር ሲያጥረው ከጥልቁ በአንድ ትንፋሽ መውጣቱን፣ ከዚያ ወዲህ እግሩና እጁ አንዳንዴ እንደሚተዉት፣ ደረቱም እንደሚጠብበት፣ ለሚስቱ ለሎሴ እንዳይነግር ሄኔሊን ማስማሉን ነገራት። ውኃው ውስጥ ሲገባ ግን ሕመሙ እንደሚቀለው፣ ስለዚህም ይህን አንድ ወቅት ሊሞክር መቁረጡን አልደበቀም።

«አላዝህም» አለችው ፉሲ። «ባዝህ እሺ ትለኛለህ፤ እኔም እሺታህን ይዤ እቤቴ እገባለሁ። እሺ ሲሉኝ ኖሬ ደንቁሬአለሁ፣ ልጄ። ነገ የምትሄድ ከሆነ አሁን ንገረኝና እዚሁ ልሰናበትህ።»

ከዚያ ጆሮዋን ወደ እርሱ ጣለች። እስትንፋሱ ገባ፣ ወጣ፤ እንደገና ገባና መካከል ላይ ቆመ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን እስትንፋስ ተሰበረ።

«ፈርቻለሁ፣ አክስቴ።»

ተነሥታ ትከሻዋን አቀረበችለት። በአባቱ እኅት ላይ መደገፍን ሰውነቱ እንቢ አለው፤ ኋላ ግን ክንዱን ጣለባት። መንደሩ በየደጁ ተቀምጦ እያያቸው፣ ሎሴ ወዳለችበት ቤት ቀስ ብለው ሄዱ።

ሰኞ ጀልባዎቹ ያለ እርሱ ወጡ። ሎሴም በመርከብ ወደ ዋናው ደሴት ሐኪም ቤት ወሰደችው። ብዙ ሰንብቶ ተመለሰ። እጁ ድኗል፣ እግሩ ግን ምርኩዝ ይሻል፤ ደረቱም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ዳግመኛም አልጠለቀም፤ ወገቡን አጥብቆ ድንች መትከል ጀመረ፣ ማጉረምረሙንም አልተወም።

ወደ ልምምድ በተመለሰበት ምሽት ፉሲ በሰሌዳው ላይ፣ በዚያ ረጅም ሐረግ መካከል፣ የእስትንፋስ ምልክት ጨመረች።

ሄኔሊ አስተዋለ። «አክስቴ፣ እዚህ ጋ እኮ ሃቪሊ አያስተነፍሱንም ነበር።»

«አሁን ትተነፍሳላችሁ።»

ሄኔሊ ወደ ጓደኛው ተመለከተና ቀልድ ሳይጨምር አንገቱን ደፋ። መዝሙሩ ተጀመረ። ምልክቱ ጋ ሲደርሱ የወንዶቹ ረድፍ በአንድነት ተነፈሰ። ፉሲ ዐይኗን ጨፍና የኬፔሊኤሊን እስትንፋስ እለየው ይሆን ብላ አዳመጠች። ከሌሎቹ መለየት አልቻለችም። እጇን አነሣች፤ ዜማውም ቀጠለ።