ለድንጋይ አሽከር የሰገደው ሰው

«ኧረ የሚራን እናት፣ ባልሽ ለአሽከር ለምን ሰገደ?»

ቡንሬ ሾርባ እየቀዳች ነበር። ጠያቂው ጋሽ ዶንሆ፣ የሟቹ የአጎት ልጅ፣ ከለቅሶው አዳራሽ ወለል ላይ ተቀምጠው ቀዩን የሥጋ ሾርባ ይምጋሉ። በዙሪያቸው ያሉት የጓክ ቤተሰብ ዘመዶች ማንኪያቸውን አቆሙ። የባሏ የቴሺክ ፎቶግራፍ ከነጭ አበቦች መሀል ያያቸዋል።

«ለሙት ሁለቴ ይሰገዳል። ለድንጋይ ሹም ግን ማን ሰግዶ ያውቃል? እሱ የሙቱ አሽከር ነው! መቃብር ፊት ቆሞ ጌታውን የሚጠብቅ! ያውም በፈረንጅ ፊት!»

«ጋሼ፣ ሾርባው ይቀዘቅዝብዎታል።»

«ይቀዝቅዝ!»

ቡንሬ ያን ቀን ከቴሺክ ኋላ ነበረች። ልጃቸው ሚራን በነርስነት የምትሠራበትን የጀርመን ከተማ ሊያዩ ሄደው፣ ልጅቷ ወንዝ ዳር ወዳለው መናፈሻ ወሰደቻቸው። ብስክሌት ከሚነዱ ልጆች መሀል ሣሩ ላይ አንድ የድንጋይ ሹም ቆሟል፤ ባርኔጣ ደፍቶ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ። ቴሺክ ቀርቦ የቀኝ ጆሮውን ዳሰሰ። በልጅነቱ ድንጋዩ ትከሻ ላይ ወጥቶ ሲጫወት የሰበራት ጫፍ ነበረች።

«የኛ ነው» አለ።

ሚራን ሳትወለድ ሌቦች ከቤተሰቡ መቃብር ነቅለው የወሰዱት ነው። ጥንዱ የሆነው ሌላው ድንጋይ እስከ ዛሬ መቃብሩ ኮረብታ ላይ ባዶ ቦታ እያየ ቆሟል።

ቴሺክ ኮቱን አውልቆ ሣሩ ላይ አነጠፈ። ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። ተነሣና ደገመ። ብስክሌቶቹ ቆሙ። ቡንሬ የድንጋዩን ፊት አየች። ስንት ዝናብና በረዶ የወረደበት ያ ፊት ፈገግታውን አልጣለም። የሚጠብቀው መቃብር በሌለበት አገር፣ እጁን ሳይፈታ ቆሞ ኖሯል።

አሁን የዚያ የጀርመን ከተማ ባለሥልጣናት፣ ድንጋዩ የተሰረቀ መሆኑን ሰምተው፣ «ታላቁ ቤት ከጠየቀን እንመልሳለን» ብለዋል። ቴሺክ ሳይመልስላቸው ሞተ። ቴሺክ የዘሩ የበኩር ቤት አባወራ ነበርና፣ የታላቁ ቤት ቃል አሁን የቡንሬ ሆነ።

«ነገ ስንቀብረው፣ ዘመድ ሁሉ ባለበት፣ ድንጋዩ ይመጣል በይ» አሉ ጋሽ ዶንሆ። «ወንድሜ በአንድ ጠባቂ ብቻ አይተኛ።»

ልክ ናቸው፣ ብላ አሰበች። ግን ‹ለምን ሰገደ› የሚለው ጥያቄያቸው አላስቆም አላስቀምጥ አላት። ሳህን ወደምታጥበው ልጇ ሄደች። ሚራን ፀጉሯ ላይ የሐዘኑን ነጭ ጥብጣብ ሰክታለች።

«አባትሽ ያኔ ሲሰግድ ምን አለ? አንቺ አጠገቡ ነበርሽ።»

«ተዪው እማዬ።»

«ንገሪኝ።»

ሚራን ውሃውን ዘጋች። «‹ልጄ ብቻዋን ናት፤ አደራህን› አለው። ሳቅሁበት። ‹አባዬ፣ ድንጋይ እኮ ነው› ስለው፣ ‹ዝም በይ፣ ሥራ እየሰጠሁት ነው› አለኝ።»

ቡንሬ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ይምጣ ግን» አለች ሚራን። «እኔ ትልቅ ሰው ነኝ።»

«ልታዪው ትሄጃለሽ?»

«እሑድ እሑድ። በረዶ ሲጥል ትከሻውን አራግፍለታለሁ።»

«እራት በልተሻል?»

«እማዬ!»

በነጋታው ኮረብታው ላይ አፈሩ ተመልሶ ጉብታው ክብ ሆነ። ጋሽ ዶንሆ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህስ፣ የሚራን እናት?»

ቡንሬ ተነሣች። ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም።

«አይመጣም ጋሼ። ባለቤቴ ልጁን አደራ ሰጥቶታል። ሥራ ላይ ነው።»

ዘመዶቹ ተያዩ። ጋሽ ዶንሆ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ብቻውን ወደቆመው ድንጋይ ዞሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አደራማ ከተሰጠው…» አሉ ቀስ ብለው። «ማን ደፍሮ ከሥራው ያነሣዋል።»

ቡንሬ ጎንበስ ብላ ከሚራን ጥቁር ቀሚስ ጫፍ የመቃብሩን አፈር አራገፈች። ጠርቶም ማራገፏን አልተወችም።

ሚራን ከሳምንት በኋላ ወደ ጀርመን ሄደች። ድንጋዩም እዚያው ነው። ቡንሬ ከቴሺክ መቃብር ጋር ቀረች።