የሁዳዴ አጥንት

ንፋስ መውጫ ላይ የቅበላ ሰሞን ከሰው እኩል የሚጠግቡት የማንአለሽ ውሾች ነበሩ። በዚያ ሳምንት በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ ሰው ይጋፋል፤ በየጓሮው ደግሞ አጥንት በጆንያ ይወጣል። ማንአለሽ ጆንያውን ባጃጅ ላይ ታስጭንና ከከተማው ጫፍ፣ አባቷ እስከ ተዉላት የድሮ የእህል መጋዘን ድረስ ትወስደዋለች። ሾፌሩ አፍንጫውን በፎጣ ሸፍኖ ሁለተኛ እንደማይጭን ይምላል፤ በማግስቱ ይጭናል።

ውሾቹ ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። ማንአለሽ ይህን ያህል ውሻ ልሰብስብ ብላ የተነሣች ሴት አይደለችም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በእንስሳት ክሊኒክ ከብት ስትከትብ ኖራ ጡረታ ስትወጣ የነበረቻት አንዲት እግሯን መኪና የሰበራት ውሻ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወሬው ተሰማ። ቡችላ የበዛበት ቡችላውን፣ ውሻው ያረጀበት አሮጌውን እያመጣ ያስረክባት ጀመር፤ እፍረት የያዘው በጆንያ አድርጎ በአጥሩ ላይ ይወረውርላታል። ፊት ለፊት የሚያመጡት ደግሞ «ትጸድቂባቸዋለሽ» ይሏታል። ጽድቁንም ቀለቡንም ለእሷ ትተው እጃቸውን አራግፈው ይሄዳሉ።

ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቶቹ ቢላቸውን ጠቅልለው ለሃምሳ አምስት ቀን ተሰናበቱ። አምና ውሾቹ አሥራ ሁለት ስለነበሩ ጾሙን እንደ ምንም ተሻግረውታል። ዘንድሮ ግን ከሆቴል የሚገኘው የሽሮ ፍትፍት ለአንዱ ጉሮሮ ሲደርስ ለሌላው አይደርስም። ባቄላ ቀቅላ ሰጠቻቸው። ሠላሳ ዘጠኝ ውሻ በአንድ መጋዘን ውስጥ ባቄላ በልቶ ሲያድር የሚሆነውን ጾም ስለሆነ አንናገረውም።

በዚህ ላይ የቀበሌው ሹም ቢሻው ደብዳቤ ይዞላት መጣ። ቢሻው በልጅነቱ ማንአለሽ የአባቱን በሬዎች ስትከትብ ጅራት ይይዝላት የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን ኮት ለብሶ፣ እስክሪብቶ ደረቱ ላይ ሰክቶ ይሄዳል። እስከ ቀዳም ስዑር ድረስ ውሾቹ ወደ አሥራ አምስት ካልቀነሱ እርምጃ ይወሰዳል ይላል ደብዳቤው። እርምጃ ምን እንደሆነ ከተማው ያውቃል። አምና መናኸሪያው አካባቢ የነበሩት ውሾች መርዝ የተነሰነሰበት ሥጋ ተሰጥቷቸው በማግስቱ በጋሪ ተጭነው ሄደዋል። ማንአለሽ ደብዳቤውን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። እነዚህን ፍጥረቶች ከሞት ያተረፈቻቸው ለፋሲካ ዋዜማ እርድ አልነበረም፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ታዘበች። ሁሉም ውሻ ጎድኑ እየተቆጠረ ሳለ ጓንዴ የተባለው ብቻ ወፍሯል። ጓንዴ ጩኸቱ እንደ አሮጌ ጠመንጃ ስለሆነ ነው ስሙን ያገኘው፤ መልኩ ቡላ፣ አንድ ጆሮው የተቀነጠበ፣ ሌብነቱ የታወቀ ነው። አንድ ማታ በዛገው ቆርቆሮ ሥር ሾልኮ ሲገባ አፉ ላይ የያዘውን አየች። እርጥብ የበግ ጎድን ነበር። ማንአለሽ አማተበች። በሁዳዴ ንፋስ መውጫ ላይ እርጥብ ጎድን ማየት በጥር ወር ጎርፍ እንደ ማየት ነው።

በማግስቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጋቢዋን ተከናንባ ተከተለችው። ጓንዴ የትም ሳይዞር አዲሶቹ ቤቶች ወደ ተሠሩበት ሰፈር ሄደ፤ ከአንድ ግቢ ጓሮ ደረሰና እንደ ባለጉዳይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ከአጥሩ ወዲያ ቢሻው ሸሚዙን ሰብስቦ በዶማ ይቆፍራል። አጠገቡ ጥቁር ፌስታል ተቀምጧል፤ ከፌስታሉ ውስጥ ቅልጥም አጮልቆ ያያል።

«ጎመን ልትተክል ነው ቢሻው?» አለችው።

ዶማው ከእጁ ወደቀ። ፌስታሉን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋ አደረገና «አዎ እትዬ፣ ጎመን ነው» አለ።

መጀመሪያ ጎመን አለ፤ ቀጥሎ ጨጓራ አለ፤ ሐኪም አዞኝ ነው አለ። የሐኪሙን ስም ስትጠይቀው ግን ትከሻው ወደቀና ሁሉንም ዘረገፈው። በግ ለአንድ ሰው ስለማይታረድ ስድስት ሆነው በየሳምንቱ በተራ በየቤታቸው ያርዳሉ። ማኅበር ነው ማለት ይቻላል፤ ጻድቅ የለውም እንጂ። ቆዳውን አንዱ ወደ ወረታ ይወስደዋል። ያስቸገራቸው አጥንቱ ነው፤ ቢያቃጥሉት ይሸታል፣ ቢጥሉት ይታያል፣ ቢቀብሩት ደግሞ ይህ ሌባ ውሻ ያወጣዋል። ስለ መድኃኔዓለም እንዳታዋርደው ለመናት።

ማንአለሽ የሚለምናትን ሰው አየችው፤ ከእግሯ ሥር የተቀመጠውንም ውሻ አየችው። መቀነቷ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ትዝ አላት።

«ጓንዴ የቀበርከውን አውጥቶ በዋናው መንገድ ይዞት ይሄዳል» አለችው። «ለእኔ ከሰጣችሁኝ ግን ከግቢዬ አይወጣም። ማን እንደበላው አልጠይቅም፤ የጠየቀኝም ካለ ከአፌ አይሰማም።»

ደብዳቤውንም እንዲያነሣላት ጠየቀችው። ቢሻው እሱስ ግልባጩ ወደ በላይ አካል ሄዷል፣ አሁን እኔም አልመልሰውም አለ። አጥንቱን ግን በደስታ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲመሽ ሲመሽ ጥቁር ፌስታል አጥሯ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኝ ጀመር። ማንአለሽ ማን እንዳንጠለጠለው አታይም፤ ፊቷን አዙራ ታወርደዋለች። የውሾቹ ጠጉር ተመለሰ፣ ጩኸታቸውም ተመለሰ። እሷ ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹማ በንፍሮ ትገድፋለች፤ በከተማው ኃጢአት ውሾቿ መጥገባቸው እያሳቃትም እያሳፈራትም ከረመች።

ነገሩን ያበላሸችው ጎረቤቷ ተዋበች ናት። ተዋበች ወንፊት ልትዋስ መጥታ መጋዘኑ ጥግ የተከመረውን አጥንት አየች። ወንፊቱን ረስታ ወጣች። ማታውን መንደሩ፣ በሳምንቱ ከተማው ማንአለሽ ሁዳዴን በሥጋ እንደምትገድፍ ሰማ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አጠገቧ የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ አሉ። ይህ ነገር ልቧን ሰበረው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አንድ ረቡዕ አልበላችም።

የነፍስ አባቷ ቄስ ጥላዬ አርብ ዕለት መጡ። ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ክምሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ማን ነው የበላው?» አሏት።

ማንአለሽ ውሾቹን አየች። ስም ብትጠራ የእሷ ስም ከሐሜት ይጠራል፤ ፌስታሉ ግን ያን ማታ ይቆማል፣ ቃሏም ይፈርሳል።

«እኔ ነኝ አባ» አለች።

ቄስ ጥላዬ በጃንጥላቸው ጫፍ ክምሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «አምስት የበግ ራስና አንድ የፍየል አለ። ስድስቱንም አንቺ?»

«ቀስ እያልኩ፣ አባ።»

«ይህን ሁሉ ከበላሽ ታዲያ ቀሚስሽ ምነው ሰፋሽ?»

ማንአለሽ ቀሚሷን በመቀነቷ ጠበቅ አደረገች። ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ፤ እንደ መሳቅ ያለ ነገር ከጉሮሯቸው ሊወጣ ሲል በሳል መለሱት። ስለ ውሾቹ ብዛትና ስለ ደብዳቤው ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ከዚያ ጃንጥላቸውን አንሥተው ሄዱ።

የሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ የዘንባባ ቀለበቱን በጣቱ እንዳሠረ ቄስ ጥላዬ ቆመው ተናገሩ። ከነገ ጀምሮ ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ቀኖና አይሰጥም፤ ስለዚህ ዛሬ እሰጣለሁ አሉ። በዚህ ጾም ሥጋ የበላ ሰው አለ። አንድ ሰውም አይደለም፤ የታረደውን ራስ ቆጥሬዋለሁ። ስሙን አልጠይቅም። ቀኖናው ከማንአለሽ ግቢ አንድ ውሻ ወስዶ እስከ ዕድሜው መመገብ ነው አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ማንአለሽ ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ በሯን ከፍታ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ማን ይመጣል? ውሻ ይዞ ከዚያ በር መውጣት «እኔ ነኝ የበላሁት» ብሎ በገበያ መሐል እንደ መጮኽ ሆነ። በልቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በዚያ መንገድ ማለፍ ፈራ። የቄሱ ቀኖና የባሰ አጥር አጠረባት፤ ማንአለሽም የቀዳም ስዑርን ጋሪ በዓይነ ሕሊናዋ እያየች አለቀሰች።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሕዝቡ ከስግደት ሲመለስ፣ መንገዱ በነጠላ ነጭ ብሎ ሳለ ቄስ ጥላዬ መንገዱን ሰንጥቀው ወደ መጋዘኑ ገቡ። ሲወጡ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው ገመድ ይዘዋል። ከገመዱ ጫፍ ያቺ እግሯ የተሰበረው የመጀመሪያዋ ውሻ ታነክሳለች። ከተማው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አባ፣ እርስዎም?» አለች ተዋበች፤ ከአፏ አምልጧት።

«እኔም ምን?» አሏት።

ተዋበች አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እኔ ውሻ ፈልጌ ነው» አሉ ቄሱ። «አንቺስ ውሻ አለሽ?»

የለኝም አለች። እንግዲያውስ አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ተዋበች ወዲያ ወዲህ አየችና፣ ሥጋ በልታ ነው የፈራችው እንዳትባል በሩጫ ገብታ አንድ ጥቁር ቡችላ ታቅፋ ወጣች። ከዚያ በኋላ በሩ ጠበበ። ቄስ የወሰዱትን ውሻ መውሰድ የሚያሳፍር አልሆነም፤ እንዲያውም አሁን የሚጠረጠረው ያልመጣው ሆነ። የበላውም ያልበላውም ተቀላቅሎ መጣ። ማንአለሽ ከመካከላቸው ስድስቱ የትኞቹ እንደሆኑ አላወቀችም፤ ለማወቅም አልሞከረችም።

ቀዳም ስዑር ጠዋት ቢሻው ቄጤማውን ግንባሩ ላይ አሥሮ፣ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። ከኋላው ሁለት ሠራተኞች ባዶ ጋሪ ይገፋሉ። ወሬ የሚያይ ሰው አጥሩን ሞልቶታል። ቢሻው እየጠቆመ ቆጠረ፤ አሥራ ስድስት ሆኑ። ደግሞ ቆጠረ፤ አሥራ ስድስት። ትርፉ በሩ አጠገብ ጅራቱን እየቆላ የቆመው ጓንዴ ነበር። ሌብነቱን ስለሚያውቅ ማንም አልወሰደውም።

«አንድ በዝቷል እትዬ ማንአለሽ» አለ ቢሻው፤ ድምፁ አላማረበትም።

ማንአለሽ ዓይኗን ከፊቱ አላነሣችም። አጥሩ ላይ ያለውም ሰው አፍጥጦ አየው። ቢሻው እስክሪብቶውን አወጣ፣ መለሰ፣ እንደገና አወጣ። በመጨረሻ ደብዳቤው ላይ አሥራ አምስት ብሎ ጽፎ ፈረመና ይሄኛውን እኔው ለቤት ጥበቃ እወስደዋለሁ አለ።

ገመድ እስኪመጣ ጓንዴ አልጠበቀም። ቀደም ቀደም እያለ መንገዱን ያዘ፤ በየመታጠፊያው ቆም እያለ ቢሻው መድረሱን ዞሮ ያያል። ሕዝቡ ተከተለ፤ ማንአለሽም ተከተለች። ውሻው ከሹሙ ቤት ሲደርስ የፊቱን በር አልፎ፣ ዞሮ ወደ ጓሮው ገባ። ቤቱን ማን አሳየው የሚል ጉምጉምታ ከኋላ ተነሣ። ጓንዴ ከአጥሩ ሥር አፈሩን በሁለት እግሩ ይፈነቅል ጀመር። ብዙም ሳይቆፍር የደረቀ ጎድን አወጣ፤ አፈሩን አራግፎ በጥንቃቄ ከቢሻው ጫማ ላይ አስቀመጠለትና ቁጭ አለ።

ተዋበች አጥንቱን አየች፤ ከዚያ ወደ ማንአለሽ ዞረች፤ ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ሌሎቹም ሴቶች እንደዚያው አደረጉ። ከሳምንት በፊት ነጠላዋን ከማንአለሽ የሰበሰበችው አንዲት አሮጊት ቀስ ብላ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

ቢሻው ቄጤማው ዓይኑ ላይ እንደወረደ ማንአለሽን ፈልጎ አገኛት።

«ጎመን ልተክል ነበር» አለ።