ጤና አዳሙ ሥር የተገኘው ጓጉንቸር

ናኦድ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ የገዛ ዕለት ሚስቱ አፀደ ሆዷን ይዛ ነበር የሳቀችው። ሌላው ወንድ ቅዳሜን ሐበሻ በሚበዛበት ፉትስክሬይ ሰፈር ተሰብስቦ በፖለቲካ ሲጨቃጨቅ፣ እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ የአልቶናን የባሕር ዳርቻ አሸዋ ሲያስስ ይውላል። የሚያገኘው የጠርሙስ ክዳንና ሚስማር ነው። አልፎ አልፎ ግን የድሮ ንጉሥ ፊት ያለበት የመዳብ ሳንቲም ብቅ ይላል፤ ያን ዕለት አልጋ የወረሰ ይመስለዋል።

ዘንድሮ አፀደ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም በአምስተኛው ወር፣ ፅንሱ ወርዶባታል። ስለዚህ ናኦድ ከሆፐርስ ክሮሲንግ ቤታቸው መራቅ ፈራና አሸዋውን ትቶ የጓሮውን ሣር ማሰስ ጀመረ። ምነው እጁን በቆረጠው!

ቅዳሜ ጠዋት፣ አጥሩ ጥግ፣ ጤና አዳሙ ሥር መሣሪያው ጮኸ። ሲቆፍር አንድ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። ውስጡ ሁለት የድሮ ሳንቲሞች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጸጉርና አንድ የተቆለፈ ጓጉንቸር ነበሩ። የጓጉንቸሩ ቁልፍ የለም። ናኦድ ያየው ሳንቲሞቹን ብቻ ነበርና «አፀደ፣ ነይ እዪ!» ብሎ ተጣራ።

አፀደ መጥታ አየች። ሳንቲሞቹን ዞር ብላም አላየቻቸው። ሁለት እጇ ወደ ሆዷ ሄደ።

«ማህፀኔን ነው የቆለፉት» አለች።

ናኦድ ኢንጂነር ነው፤ በመተት አያምንም። ሰው ግን በማያምነውም ነገር ይፈራል፣ ያውም ሁለት ጊዜ ከሆስፒታል ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው።

«ይሄን ጤና አዳም ማን ተከለው?» አለች።

መልሱን ያውቃል። የተከሉት እትዬ ማንተግቦሽ ናቸው፤ ከብዙ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ በዚህ በሰው አገር ለአፀደ እናት የሆኗት ሴት።

«‹እኔው እተክለዋለሁ፣ እናንተ አትንኩት› አላሉም? በተከሉት በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛው ፅንስ ወረደ። መካን ናቸው እኮ ናኦድ!»

«ተይ አንቺ፣ እሳቸውን እንኳ…»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

ናኦድ ነገሩን ለመገላገል የብረት መቁረጫ መጋዙን ይዞ መጣ። አፀደ ጓጉንቸሩን ከእጁ ነጠቀችው። «ተቆርጦ ከተከፈተ ልጄም ይቆረጣል! ቁልፉን ፈልግ!»

ፈለገ። ከአጥር እስከ አጥር መሣሪያውን እየጎተተ ፈለገ። ድሮ ሲጮህ ደስ ይለው የነበረው ነገር አሁን በጮኸ ቁጥር ያስበረግገው ጀመር። ሽቦ፣ ሚስማር፣ የጣሳ ቁራጭ። ቁልፍ ግን የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጓሮው እንደታረሰ ማሳ ተገለባብጦ ነበር።

እትዬ ማንተግቦሽ እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ የአጃ ሾርባ በድስት ይዘው በጎን በር ገቡ።

«ናኦድዬ፣ ድንች ልትዘራ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

«ቁልፉን ያምጡ!» አለች አፀደ ከበረንዳው።

«የምን ቁልፍ፣ ልጄ?»

«የቆለፉብኝን! ከቤቴ ይውጡ! ሁለተኛ ጥላዎ እንዳያርፍብኝ!»

እትዬ ማንተግቦሽ ቆርቆሮውን አዩ፤ ከዚያ ናኦድን አዩት። አንድ ቃል ይጠብቁ ነበር። ናኦድ ደግሞ ፈራ። ዛሬ ለእሳቸው ተከራክሮ ነገ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን አፀደ ምን ትለዋለች? መሬት መሬት አየ። ሴትዮዋ ድስቱን ደረጃው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ በጊዜው ከአፍ ሳይወጣ የቀረውም አይመለስም።

እሑድ ከሰዓት፣ አጥር የሚጋራቸው የአገሬው ፈረንጅ ሽማግሌ የተቆፋፈረውን ጓሮ አየና ምን እንደጠፋባቸው ጠየቀ። ናኦድ ቆርቆሮውን ሲያሳየው ሰውየው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። የእሱ ሴት ልጅና እዚህ ቤት ትኖር የነበረች ጓደኛዋ፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ሀብት ቀበርን ብለው የተጫወቱበት ነው። ሳንቲሞቹን የሰጣቸው እሱ ራሱ ነው። ጸጉሩ የአሻንጉሊት፣ ጓጉንቸሩ የብስክሌት።

ናኦድ እየሮጠ ገብቶ ነገራት። አፀደ ሁሉንም ሰማች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ግን ለምን ቆለፉት?»

ለእትዬ ማንተግቦሽ ደወለ፤ አላነሱም። ነገ ቤታቸው እሄዳለሁ አለ። ሰኞ ሐፍረት ያዘው፣ ማክሰኞም ያው ሐፍረት።

ረቡዕ ጠዋት የአፀደ የእንሽርት ውሃ ያለጊዜው ፈሰሰ። ሆስፒታል ሲደርሱ አዋላጇ የሕፃኑ ልብ ምት እየቀነሰ ነው ብላ ዓይኗን ከማሽኑ አልነቅል አለች። አፀደ የናኦድን እጅ ጨምድዳ ያዘች።

«እትዬ ማንተግቦሽን ጥራልኝ። ይቅር በሉኝ በላቸው። እሳቸው አጠገቤ ካልሆኑ እሞታለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ደወለ። ዛሬ ወዲያው አነሱ። ጎረቤቱን፣ አሻንጉሊቱን፣ ይቅርታውን በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው። ሲያለቅሱ ይሰማዋል።

«አልተቀየምኩም፣ ልጄ» አሉ። «ምጥ እንደያዛት ከሰው ሰምቼ ነጠላዬን ለብሼ በሬ ላይ ቆሜያለሁ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።»

«ኡበር ታክሲ ልላክልዎት? አሁኑኑ ቡክ አደርጋለሁ።»

«እኔ ገብቼ ሕፃኑ አንድ ነገር ቢሆንስ ናኦድ? በማን ታሳብባላችሁ?»

ናኦድ «በእርስዎማ አናሳብብም» ብሎ ሊምልላቸው አፉን ከፈተ። በሩ በኩል አዋላጇ ሌላ ሐኪም ስትጣራ ሰማ። መማል አቃተው።

እትዬ ማንተግቦሽ ትንሽ ጠበቁት። ከዚያ ስልኩን ቀስ ብለው ዘጉ።