መጥሪያ ለአቶ ቶማ

ሜላት ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ትዕግሥት ኖሯት አያውቅም። ያን ዕለት ጠዋት ግን፣ ሶዶ ውስጥ በምትሠራበት ክሊኒክ ላቦራቶሪ ቆማ፣ ስልኳ ላይ የመጣውን ኢሜይል ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አቶ ቶማ፦ በእርስዎ ላይ የወንጀል ምርመራ ተከፍቷል። የምርመራ መዝገብዎን ለማየት ከታች ያለውን ሊንክ ይጫኑ። እስከ ነገ ካልቀረቡ በፖሊስ ተይዘው ይቀርባሉ። ጉዳዩ ምስጢር ስለሆነ ለማንም አይናገሩ።» አናቱ ላይ ባንዲራ፣ ግርጌው ላይ ክብ ማህተም አለው።

ቶማ አባቷ ነው። ጉኑኖ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ መምህር። ኢሜይል የሚባል ነገር የለውም። ልቧን ያራደውም ይኸው ነው። ኢሜይል ስለሌለው ለእሷ ላኩላት። የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃሉ ማለት ነው። የት እንደምትሠራ፣ የት እንደምታድርም ሳያውቁ አይቀሩም።

ለሌላ ሰው ቢመጣ ኖሮ «የሌባ ነው፣ አጥፋው» ብላ ታልፈው ነበር። የአባት ስም ከፖሊስ ጎን ተጽፎ ሲያዩት ግን ዲግሪም ምንም አይፈይድም።

ሊንኩን ነካችው። የወጣው ገጽ የኢሜይሏን ፓስዎርድ ጠየቀ። ጻፈች። «ተሳስተዋል፤ እንደገና ይሞክሩ።» እንደገና ጻፈች። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። አባቷ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። ወስደውታል፣ አለች በልቧ።

«ምን ሆነሻል? አመድ መሰልሽ እኮ» አለች አብራት የምትሠራው ይመኙሻል፣ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ።

«ራሴን አሞኝ ነው።»

«ወባ እንዳይሆን። ነይ ጣትሽን ልውጋሽ፣ ላንቺ በነጻ ነው።»

ሜላት አልሳቀችም። ለማንም አይናገሩ ተብሏል። ጋዋኗን አውልቃ ወጣች።

የጉኑኖው ሚኒባስ እስኪሞላ አባቷ ጋ ደጋግማ ደወለች። መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸውና በመስኮት አንገቱን አስግጎ ተሳፋሪውን ቃኘ። ዓይኑ እሷ ላይ ያረፈ መሰላት። ፖሊሱ ግን ሾፌሩን «ትርፍ ጭነሃል» ብሎ ተጨቃጭቆ ለቀቃቸው።

አባቷ ከጓሮ፣ እንሰቱ መሃል፣ መጥረጊያ ይዞ ብቅ አለ። በሕይወት አለ፣ እቤቱ አለ። ሜላት አጥሩን ይዛ ተነፈሰች።

«ስልክህን ለምን ዘጋህ?»

«መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም፤ ባትሪው ሞተ። ደግሞ በሥራ ቀን ምን አመጣሽ?»

አባትና ልጅ ቤታቸው ውስጥ የሚያወሩት በወላይትኛ ነው፤ ይህንንም ያወሩት በወላይትኛ ነበር። ሜላት ስልኳን ሰጠችው። መነጽሩን አጥልቆ፣ የተማሪ ፈተና እንደሚያርም ሰው፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሲጨርስ በአማርኛ ተናገረ።

«የት ቅረብ ነው የሚሉት?»

ያኔ ነው ሜላት የምር የፈራችው። ለአባቷ አማርኛ የትምህርት ቤትና የቢሮ ቋንቋ ነው። ከዚያም በፊት፣ በደርግ ጊዜ፣ ከተዘጋችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ተደብቆ መዝሙር ሲዘምር ተይዞ ሶዶ በታሰረ ጊዜ፣ የመርማሪው ቋንቋ ነበር። ያን ታሪክ ለልጆቹ ተርኮላቸው አያውቅም። «ታስሬ ነበር» ብሎ ያልፈዋል።

ከአልጋ ሥር ቦርሳ ጎትቶ አወጣ። ጋቢ ከተተ። ሳሙና፣ ጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ካልሲ፣ ትንሿን መጽሐፍ ቅዱስ። እጁ አንዲትም ጊዜ አላመነታችም። በመጨረሻ ቀበቶውን ፈትቶ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቀለው።

«ቀበቶ አያስገቡም» አላት።

«አባዬ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ያኔስ ምን አድርጌ ነበር?»

የሜላት ስልክ ጮኸ፤ ሌላ ኢሜይል። «አቶ ቶማ፦ ሊይዝዎት የሚመጣው ቡድን ዝግጅቱን ጨርሷል። መተባበርዎን ለማሳየት የመታወቂያዎን የፊትና የጀርባ ፎቶ፣ በስልክዎ የሚደርስዎትንም የምስጢር ቁጥር በአስቸኳይ ይላኩ።»

ቶማ መታወቂያውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ ዘረጋላት። «ላኪላቸው። ዝም ካልን ጥፋተኛ ነው ይላሉ።»

«ቆይ እስቲ፣ ላስብበት...»

«ላኪ አልኩሽ! መጥተው ካንቺ ፊት ከሚወስዱኝ ራሴ ብሄድ ይሻላል።»

ሜላት ስልኩን ከመታወቂያው በላይ አስተካከለች። ፎቶው ደብዘዝ አለ። ልትደግመው ስትል ስልኩ ጠራ። ይመኙሻል ናት፤ ገና ሃሎ ሳትባል እየሳቀች ነው።

«አንቺ! ራሴን አሞኛል ብለሽ ወጥተሽ አባቴን ልታስሪው ነው?»

«ምን?»

«ካንቺ ኢሜይል መጥሪያ መጣልኝ እኮ! ‹አቶ ቢያድግልኝ፣ እስከ ነገ ካልቀረቡ በፖሊስ ተይዘው ይቀርባሉ።› አባዬን! ካረፈ ስንት ዘመኑ! ከመቃብር ቆፍረው ይውሰዱታ፣ እኔም ናፍቆኛል። ካርድ ክፍል ላለው ቤኒም የአባቱን ደርሶታል፤ ‹አቶ ይድነቃቸው› ይላል።»

ሜላት አልጋው ላይ ቁጭ አለች። አዲስ የኢሜይል አድራሻ ሲከፈት ስም በሁለት ሣጥን ይሞላል፤ በአንዱ ሜላት፣ በሌላው ቶማ። የላከው ሰው ሁለተኛውን የቤተሰብ ስም አድርጎ ወስዶታል። «አቶ ቶማ» ማለት እሷ ራሷ ነበረች። አባቷን የጠራው የለም፤ መኖሩንም አያውቁም። ሜላትን በአባቷ ስም «አቶ ቶማ» ብሎ የሚጠራ ቢሮ በዚህ አገር የታለ? ቀበሌው እንኳ ሲጠራት ሜላት ይላታል፤ መጥሪያም ቢመጣ በወረቀት፣ በእጅ ተሰጥቶ፣ በፊርማ ነው። ጠዋት ለአፍታ ብታስብ ይህን ታውቅ ነበር። እሷ ግን ፓስዎርዷን ሰጠች፤ እነሱም በእሷ ስም ለምታውቀው ሰው ሁሉ መጥሪያ በተኑ።

«ይሜ፣ አትሳቂ! ሊንኩን እንዳትነኪው!»

«እኔ አልነካሁም። ቤኒ ግን አባቱ ስኳር አለባቸው፣ ደንግጦ ሲጎረጉር ነበር...»

«ስልኩን ንጠቂው! ጽፎ ከሆነ አሁኑኑ ፓስዎርዱን ይቀይር!»

ዘግታ የራሷን ቀየረች። በማታውቀው ስልክ ላይ ተከፍቶ የነበረውን ኢሜይሏን ዘጋች። ከዚያ ወደ ሰዉ ሁሉ መደወል ጀመረች፦ «ከእኔ የመጣውን አትክፈቱ፤ እኔ አልላክሁትም፤ አዎ፣ አባትህ ደኅና ነው፣ ማንም አይፈልገውም።» ኢሜይሎቹን ግን አላጠፋቻቸውም፤ ነገ ሶዶ ፖሊስ ጣቢያ ይዛቸው ትሄዳለች። በዚህ ሁሉ አባቷ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያታል።

«እኔን አይደለም?»

«አንተን አይደለም አባዬ። ሌቦች ናቸው።»

«ማህተም አለው እኮ።»

«ማህተም ማንም ይሥላል!» ጮኸችበት። ወዲያው ድምፅዋን አወረደች። «አንተን አይደለም።»

መታወቂያውን ወደ ደረት ኪሱ መለሰ። ሚኒባሱ ጋ ሊሸኛት ሲወጣ ቦርሳውን በሩ አጠገብ አቆመው። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ነው የሚራመደው።

«ቀበቶህን አድርግ እንጂ፣ ሰው ያያል።»

«አደርጋለሁ» አላት በአማርኛ። «ነገ ይለፍና።»