አሥራ አንድ ዲግሪ

ለሕፃናት ማቆያዎች ፈቃድ በሚሰጥ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሾፌር ነበርኩ። ከዘጠኙ ስድስቱን ያሳለፍኩት አንዲት ተቆጣጣሪ ይዤ ከማቆያ ማቆያ ስዞር ነው። የማቆያ ሠራተኞች ከጀርባዋ «ወይዘሮ ቴርሞሜትር» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ቅር አይላትም። እኔን ጋሼ ትለኛለች። እኔ ደግሞ በዕድሜ ስለምበልጣት «አንቺ ልጅ» እላታለሁ፤ አለቆች ካሉ ብቻ አንቱ እላታለሁ።

ሥራዋን እንደሷ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ሌላው ተቆጣጣሪ በዋናው በር ይገባል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የልጆች ሥዕል ያደንቃል፣ ከዚያ ቢሮ ገብቶ ወንበር ይስባል። እሷ በጓሮ ዞራ በቀጥታ ወጥ ቤት ነው። ቴርሞሜትሯን ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጎን ታኖረውና እስኪረጋ ድረስ የዕቃ መወልወያውን ጨርቅ ታሸታለች፣ መክተፊያውን ገልብጣ ስንጥቁን ትመረምራለች፣ የሠራተኞቹ የጤና ምርመራ መቼ እንደተደረገ ታነባለች። በመጨረሻ ልጆቹን ትቆጥራለች። ፈቃዱ ላይ ከተጻፈው አንድ ልጅ እንኳ ከበለጠ ትጽፋለች። ቆጠራ ላይ ቀልድ አታውቅም።

አንድ ዓርብ ግን ሰው ሆነች።

ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ አርባ ልጅ የሚይዝ ማቆያ ነበር፤ የሄድነው ለፈቃድ እድሳት ነው። ፍሪጁ ከአምስት ዲግሪ መብለጥ አልነበረበትም። አሥራ አንድ አሳየ። ደንቡ በዚያው ሰዓት እንድታሽገው ይፈቅድላታል። ከታሸገ ግን ወጥ ቤቱ አይሠራም፤ ወጥ ቤቱ ካልሠራ ማቆያው ሰኞ አይከፈትም። የማቆያው ባለቤት ምላሷ ማር የሆነ ሴት ነበረች። የፍሪጅ ጠጋኙ ሰኞ በጠዋት እንደሚመጣ ማለችላት፤ አርባ እናት ልጇን ታቅፋ የት ትሂድ ብላ ለመነቻት። ለተቆጣጣሪዋ ደግሞ ያ ማቆያ የቀኑ አምስተኛ ነበር። ደክሟታል። ደጅ ላይ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጥሩንባ ይነፋባታል፤ አንዴ ነፋ፣ ቆየና ደገመ። ያ ሰው እኔ ነኝ። ቀጠሮ ነበረኝ። ምን ቀጠሮ እንደነበር ዛሬ ቢገርፉኝ አላስታውሰውም።

ዲግሪ በሚጻፍበት ቦታ ቁጥሩን ትታ «ከፍ ያለ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይስተካከል» አለች። ማኅተሙን መታችና ወጣች።

ጠጋኙ ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞ የተረፈው ዶሮና ሩዝ በዚያ ፍሪጅ አድሮ ረቡዕ ምሳ ሆነ። አሥራ አራት ልጆች ታመሙ። አሥራ ሦስቱ ዳኑ። አንዷ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ በአራተኛው ቀን ሞተች።

አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ተቆጣጣሪዋን ጠርተው ዓርብ ዕለት ፍሪጁ ይሠራ እንደነበር ጠየቋት። ይሠራ ነበር አለች። ሞተሩ ይጮኽ ነበር፣ መብራቱም ይበራ ነበር፤ ስለዚህ ውሸት አይደለም። እውነት ነው የሚልም የለም። ኮሚቴው ሌላ አልጠየቃትም። ጥፋቱ ምግብ አሳድራ ለሕፃን በሰጠችው በምግብ አብሳይዋ ላይ ወደቀ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ ነው። ሴትዮዋ ስምንት ወር ተፈረደባትና ገባች። የማቆያው ባለቤት በሯን ዘግታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። የኛዋ ተቆጣጣሪ ሥራዋን ቀጠለች።

ከሁለት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ከአንድ ማቆያ ወጥታ መኪናው መስኮት ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ገብተው ልጆቹን ይቁጠሩልኝ» አለች።

መዝገቡ አሥራ ዘጠኝ ይላል። እሷ ቆጥራ ሃያ መጥቶባታል። ደግማም ሃያ ነው። ሞግዚቶቹ አሥራ ዘጠኝ ናቸው ይሏታል። ገብቼ በጣቴ እየጠቆምኩ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ። ዓይኗ ደክሞ ይሆናል ብዬ ቀለድኩባት። መነጽር እገዛልሻለሁ አልኳት። አልሳቀችም።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ማቆያ ያው ሆነ። ከዚያ ወዲያ በሄድንበት ሁሉ አንድ ትርፍ ልጅ ይመጣባት ጀመር። ሲሯሯጡ ብቻ ቢሆን ልጅ ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል ብዬ አልፈው ነበር። ከምሳ በኋላ ተርታውን በየፍራሻቸው ተኝተው፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ አንድም የሚንቀሳቀስ ሳይኖር ነው የሚበዙባት። ትርፏ የትኛዋ እንደሆነች አንድ ቀን ጠየቅኳት። ሁልጊዜ መጨረሻው ፍራሽ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛችው ናት አለችኝ። ቀርባ ስታያት ፍራሹ ላይ የሚኖረው የታጠፈ ብርድ ልብስ ነው።

ሰው ሳያውቅባት ከሳች። ሥራዋ ግን እሳት ሆነ። የተሰነጠቀ ብርጭቆ አየሁ ብላ ማቆያ አሸገች፤ የወጥ ቤት በር ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ተዘጋ ብላ ጻፈች። ሰዎቹ መኪናችንን ሲያዩ ይደነግጣሉ። እኔ ደግሞ ጥሩንባ መንፋት ተውኩ። መንገድ ላይ ሰው ሲገባብኝ እንኳ እጄ እምቢ አለኝ።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ አንድ አዲስ ማቆያ የፈቃድ ማመልከቻ አስገባ። መኪና ውስጥ የሠራተኞቹን ዝርዝር እያገላበጠች ሳለ በድንገት እጇ ቆመ። ምግብ አብሳይ በሚለው ሥር የተለጠፈችው ፎቶ የዚያች ስምንት ወር የታሰረችው ሴት ናት። በምግብ ጉዳይ የተፈረደበት ሰው አምስት ዓመት ሙሉ የማቆያ ወጥ ቤት አይገባም። ስለዚህ ማስወጣት ነበረባት። ስንደርስ ለቆጠራው አብሬያት እንድገባ ለመነችኝ።

ወጥ ቤቱን ያየ ሰው ቀዶ ጥገና የሚደረግበት ክፍል ይመስለዋል። መክተፊያዎቹ በቀለም ተለይተዋል፤ ቀዩ ለሥጋ፣ አረንጓዴው ለአትክልት። የየቀኑ ምግብ ናሙና በትንንሽ ማሰሮ ቀን ተጽፎበት ተቀምጧል። ፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ዲግሪውን በየሰዓቱ ይዟል፤ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ፣ ተጭኖ የተጻፈ። ሴትዮዋ ሃምሳ የሞላት ናት። ልጆቹ እማማ ሾርባ ይሏታል። ገና ስታየን ተቆጣጣሪዋን አወቀቻት።

«ሊያስወጡኝ እንደመጡ አውቃለሁ» አለች ማማሰያውን ሳታቆም። «ሾርባው እስኪወርድ ብቻ ይጠብቁኝ።»

ተቆጣጣሪዋ ወደ ልጆቹ ክፍል አለፈች፤ ተከተልኳት። መዝገቡ ሃያ አራት ይላል። እኔም ሃያ አራት ቆጠርኩ። የሷን ከንፈር አየሁት፣ ሃያ አምስት ላይ ሲቆም። ወደ ወጥ ቤት ስንመለስ ሴትዮዋ ሳህን ደርድራ ጨርሳ ነበር። ቀና ብላ ፊቷን አየቻት።

«አንድ ትርፍ መጣብዎ?» አለቻት።

ከኔና ከእሷ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«እኔም በየቀኑ አንድ ሳህን አበዛለሁ» አለች ምግብ አብሳይዋ፣ ስለ ጨው እንደምታወራ ሁሉ ቀስ ብላ። «ሃያ አራት ብዬ ነው የምጀምረው። ደርድሬ ስጨርስ ሃያ አምስት ነው። አንስቼ እመልሰዋለሁ። ማን እንደሆነች እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።»

ተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛውን ያዘች። ያን ዓርብ ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ከኋላዎ ቆሜ ነበር። ፍሪጁ እንደማይቀዘቅዝ እጄን ከትቼ አውቄዋለሁ፤ ለባለቤቷም ሁለቴ ነግሬያታለሁ። እርስዎ ያንን መሣሪያ ወተቱ ጎን ሲያስቀምጡ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ማኅተም መትተው ወጡ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። የተማረች ሰው በመሣሪያ ለክታ ካሳለፈችው፣ የተሳሳተው እጄ ነው አልኩ። ማክሰኞ ዶሮውን ሳስገባ የተጠራጠርኩት እጄን ነው። ስምንት ወር ታስሬ የማስበው እሱን ነበር። አሁንም በየሰዓቱ የምጽፈው እጄን ስለማላምነው ነው።»

ሾርባው ገንፍሎ እሳቱ ላይ ፈሰሰ። እኔ ሄጄ አጠፋሁት።

«እጅዎ ልክ ነበር» አለች ተቆጣጣሪዋ። «አሥራ አንድ ዲግሪ ነበር። አይቼዋለሁ። ቁጥሩን ሆን ብዬ ተውኩት። ሲጠይቁኝም አልተናገርኩም።»

ሴትዮዋ የካሮት ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ የሌላ ሰው ይመስል አየቻቸው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አንቱታውን ትታ እንዲህ አለቻት፤

«ይህን ለኔ መንገርሽ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ? ሄደሽ ለሚሰሙት ንገሪ።»

ከዚያ ሽርጧን ፈትታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና፣ ጉዳዩ እስኪለይ እቤቴ ነኝ ብላ ወጣች። የዚያን ቀን ለልጆቹ ሾርባውን የቀዳሁት እኔ ነኝ።

ተቆጣጣሪዋ ቢሮ ተመልሳ ሁለት ገጽ ጻፈች። አለቃችን አንብቦ ወረቀቱን በጣቱ ወደ እሷ ገፋው። ፋይሉ ተዘግቷል፣ የታሰረችው ታስራ ወጥታለች፣ የሞተችው አትነሳም፣ በገዛ አንገትሽ ላይ ገመድ አትግመጂ አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊያድናት ነው። እሷ ወረቀቱን አንስታ ወደ ዐቃቤ ሕግ ወሰደችው። እኔም ስለ ጥሩንባው አንድ ገጽ ጽፌ ከሷ ጋር እንዲያያዝ ሰጠኋት። መኪና ውስጥ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ለጥሩንባ የሕግ አንቀጽ የለም» አለችኝ።

ቢሆንም አያያዘችው።

ከሁሉም የከበዳት ወደ ልጅቷ እናት መሄድ ነው። እናትየው ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። ሁለት ቀን እደጁ ድረስ ወስጃት ሁለቱንም ቀን ሳትወርድ መለስኳት። በሦስተኛው ቀን ወረደች፤ ብቻዬን አልችልም ስላለች ተከትዬ ገባሁ። ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኗል። እናትየው ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች የተባለችውን ሁሉ ሰማች። ካውያውን አላስቀመጠችም፤ ኮሌታውን ጨርሳ ወደ እጅጌው አለፈች።

ንግግሩ ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ስንት ነበር ያልሽው?»

«አሥራ አንድ።»

እናትየው የደረሰኙን ጥራዝ ጀርባ ገልብጣ ሰጠቻት። ቁጥሩን ጽፈሽ ፈርሚበት አለቻት። ተቆጣጣሪዋ ጻፈች፣ ፈረመች። እናትየው ገጹን ቀደደችና አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የልጅቷ ዕድል ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው ሲላት እንደኖረ፣ ዕድል ቁጥር እንደሌለው፣ ይህ ግን እንዳለው ነገረቻት። ይቅርታ ልትጠይቂኝ ከሆነ የመጣሽው፣ እሱ እኔ ጋ የለም አለች። ተመልሰሽም አትምጪ አለቻት። ወጣን።

ጉዳዩ አሥራ አንድ ወር ፈጀ። የምግብ አብሳይዋ ፍርድ ተሰረዘ። የማቆያውን ባለቤት ካለችበት አምጥተው ከሰሷት። ተቆጣጣሪዋ ከሥራ ተባረረች፤ አንድ ዓመት እስራት በገደብ ተፈረደባት። መሥሪያ ቤቱም ቅጹን ቀየረው፤ አሁን ዲግሪው በቁጥር ካልተሞላ ፈቃዱ አይታተምም፣ ከአምስት ዲግሪ በላይ የሆነ ፍሪጅ ደግሞ ተቆጣጣሪው ቢወድም ባይወድም ይታሸጋል።

ፍርዱ የተነበበ ቀን የአንድ ቀን ዕረፍት ወስጄ በራሴ አሮጌ መኪና ፍርድ ቤት ሄድኩ። ምግብ አብሳይዋ ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። እናትየው ዘግይታ ገባች። ዞር ዞር ብላ አየች፤ ባዶ ቦታ ሞልቷል። ሄዳ ከምግብ አብሳይዋ አጠገብ ተቀመጠች። አልተነጋገሩም። ዳኛው አንብበው ሲነሱ እናትየው የሴትዮዋን ቀኝ እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ትንሽ ቆየች። ከዚያ አብረው ወጡ። ተቆጣጣሪዋ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና አየቻቸው፤ ሰላም ያላትም፣ የገላመጣትም አልነበረም።

እኔ ቤቷ ላድርሳት ብዬ ከጎኔ አስቀመጥኳት። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ የሚወጡበት ሰዓት ስለነበር መንገዱ ተጨናንቋል። ገና ሁለተኛው መብራት ጋ ስንደርስ አንገቷ ወደ መስኮቱ ዘንበል አለ። እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ያህል ዓመት ይዣት ስዞር መኪና ውስጥ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ቤቷ በር ላይ ደርሼ ሞተሩን ባጠፋው እንደምትነቃ ገባኝ፤ አልቆምኩም፣ አለፍኩት። ከከተማ የሚያስወጣውን ሰፊ መንገድ ያዝኩና ቀስ ብዬ ነዳሁ።

አንድ ሰዓት ያህል ስንሄድ ዓይኗን ሳትገልጥ ገና አልደረስንም ወይ አለችኝ።

ገና ነው አልኳት።

«እሺ» አለችና መልሳ ተኛች።