ይበረታታሉ

ሰው ስንት ጊዜ «በርቺ» ሲባል ነው እንጀራ የሚወጣለት? ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩትን ሁሉ አገላብጬ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጣሁለት። የልጅ ልጄን ኤሌኒን ከሁለት ዓመት ወዲህ በቆቦ ከተማ «በርቺ» ያላላት የለም። ዘበኛው ብሏታል፤ ጸሐፊዋ ብላታለች፤ ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ብሏታል። ማበረታቻ እንደ ማሽላ ቢሰፈር ኖሮ የእኛ ጎተራ ሞልቶ ለጎብዬ ገበያ ይተርፍ ነበር።

ኤሌኒን በሁለት ዓመቷ ፖሊዮ ግራ እግሯን ያዛት፤ የምትሄደው በክራንች ነው። እናቷ አረብ አገር ስትሄድ ለእኔ ትታልኝ ሄደች፣ እኔም እንደ እንቁላል ይዤ አሳደግኳት። ወልድያ ሄዳ ሦስት ዓመት የጽሕፈትና የመዝገብ ሥራ ተማረች። ሦስቱንም ዓመት ዕረፍት አልነበረኝም፤ ዛሬ ባጃጅ ይገጫታል፣ ነገ ጭቃ ያንሸራትታታል እያልኩ። ዲፕሎማዋን ይዛ ስትመጣ «በቃ፣ ከእንግዲህ ከዓይኔ አትርቂም» አልኳት።

«ሥራ ካገኘሁስ? ቢሮ ድረስ ልታዝይኝ ነው?» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

በ2005 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ አንድ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ስሙን አልጠራም፤ ፎቅ ያለው ጽሕፈት ቤት ልበል። ኤሌኒ ማስታወቂያውን በወረቀት ገልብጣ አመጣችልኝ። ከታች፣ ከቀኑና ከሰዓቱ በኋላ፣ «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» ይላል።

«እማማ፣ እኔ እኮ ሁለቱንም ነኝ» አለችኝ።

«እንግዲያው ሁለቴ ያበረታቱሻላ» አልኳት።

አፌ ይድረቅ። እንዳልኩትም ሆነ።

መዝገብ ቤቱ ያለው ምድር ቤት ነው፤ ዘበኛው ከሚቀመጥበት አጠገብ፣ አንድም ደረጃ የለበትም። ፈተናው ግን ፎቅ ላይ ነበር፤ ሃያ ሁለት ደረጃ። እኔ ከግቢው ውጭ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ቆጠርኩት። ኤሌኒ እየወጣች እያለች ሠራተኛው ሁሉ ከየቢሮው ወጥቶ አጨበጨበ። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳት። የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ተዋቸው፣ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ከላይ ሆኖ «ይኸው! አካል ጉዳተኝነት አለመቻል አይደለም» አለ። እናቱ ይህን ስም ሲያወጡለት ምን ታይቷቸው እንደሆነ እንጃ፤ በኋላ እንደ ስሙ ተወን።

ዘበኛውን ጠጋ ብዬ «ታች ክፍል የለም እንዴ፣ ወንድሜ?» አልኩት።

«አለ፤ ግን ዕቃ ሞልቶበታል።»

«የምን ዕቃ?»

«የአካል ጉዳተኞች ቀን ዕቃ ነው። ባነሩ፣ ወንበሩ፣ ድንኳኑ።»

ያን ቀን ደግሞ አውቀዋለሁ። ኅዳር ላይ ኤሌኒን ጠርተው ነጭ ካናቴራ አልብሰው፣ ባነር አስይዘው ፎቶ አንስተዋታል። ያ ፎቶ ዛሬም በመስታወት ሆኖ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። ጠዋት ከሠራተኛው ቀድሞ ይገኛል፣ ቅዳሜም አይቀርም። ፎቶዋ ተቀጠረ፤ እሷ ናት የቀረችው።

ውጤት ሲለጠፍ ከአሥራ ዘጠኝ ሰው አንደኛ ወጣች። እኔ ስለት ልከፍል ወደ ቤተ ክርስቲያን ስነሳ አቶ ተዋቸው ግን ሌላ ወረቀት ጠየቃት። ለአካል ጉዳተኛ የሚጨመር ነጥብ አለ፤ ነጥቡ እንዲጨመር ጉዳተኛ ስለመሆኗ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል።

«አንደኛ ወጥቻለሁ እኮ። ነጥቡ ምን ያደርግልኛል?» አለችው።

«መብትሽ ነው እህቴ። መብትሽን እንዴት እንተዋለን?»

እግሯ ክራንች ላይ እየታየ፣ ማኅተም የሌለው እግር አይታመንም ተባለ። ሄዳ ለሁለት ቀን ተሰልፋ ማስረጃውን አመጣች። ማስረጃው ደግሞ «ከባድ ክብደት ማንሳት አይመከርም» ይላል። አቶ ተዋቸው አነበበውና ከንፈሩን ነከሰ። «ይሄ እኮ ያስቸግራል» አለ። ያላመጣችው እንደሆነ ጉዳተኛ አይደለችም፤ ያመጣችው እንደሆነ ጉዳተኛ ናት።

በዚያው ሳምንት ከሰፈራችን ሰው ሞቶ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። አቶ ተዋቸው ድንኳኑ ውስጥ አየኝና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እትዬ ማሚቴ፣ ለመሆኑ ኤሌኒ ቤት ውስጥ ትሠራለች?»

«ምኑን ትሠራለች ልጄ። እኔ ቆሜ እያለሁ ውሃ እንኳ አታነሳ።»

«ደረጃ ምናምን ላይስ?»

«የቤቴን ሁለት ደረጃ እጇን ካልያዝኳት አላስወርዳትም።»

«እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጣት ነበር?»

«እሱን ነው የምለው። የሚያባንነኝ እሱ ነው።»

ዙሪያችን የተቀመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለች አያት ከየት ትገኛለች የተባልኩ መሰለኝ። አቶ ተዋቸውም ራሱን ነቅንቆ እጄን ጨበጠኝ። ማስታወሻ ደብተር በእጁ አላየሁም፤ ብልህ ሰው ለካ በጆሮው ይጽፋል።

ሥራውን መሳፍንት የሚባል፣ በሁለት እግሩ ሁለተኛ የወጣ ልጅ አገኘው። ልጁን አልጠላውም፤ እሱም የሰው ልጅ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ጠዋት፣ ሱአድ መጣች። እዚያው ጽሕፈት ቤት የምትሠራ የኤሌኒ ጓደኛ ናት። ኤሌኒ በማመልከቻ የጠየቀችው፣ ቅጥሩ የተወሰነበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ተፈቅዶ ኖሮ ይዛላት መጥታለች።

«ወላሂ እትዬ ማሚቴ፣ ቶሎ ትድረስ። የቅሬታ ማስገቢያው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል» አለችና ሥራ ረፍዶባት ተመለሰች።

ኤሌኒ ቃለ ጉባኤውን ቆማ አነበበችልኝ። «አመልካቿ በፈተናው አንደኛ የወጡ ቢሆንም፣ ለራሳቸው ደኅንነት ሲባል፣ እንዲሁም አያታቸው ወይዘሮ ማሚቴ አመልካቿ ውሃ እንኳ ማንሳትና ያለ ረዳት ደረጃ መውረድ እንደማይችሉ በቃላቸው ያረጋገጡ በመሆኑ፣ በዚህ ሥራ እንዳይመደቡ፣ ወደፊት በሚወጡ ማስታወቂያዎች እንዲወዳደሩ ግን እንዲበረታቱ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ወረቀቱን አጠፈችው።

«እማማ፣ ወልድያ ሦስት ዓመት ውሃ ማን ቀዳልኝ?»

እውነት ለመናገር አስቤው አላውቅም ነበር። መጨነቁን ስጨነቅ ከረምኩ እንጂ ማን ይቀዳላታል ብዬ አልጠየቅሁም።

«ራሴ ነበርኩ። ቦኖው ከቤቴ ቁልቁል ነው። በአንድ እጄ ጀሪካን፣ በአንድ እጄ ክራንች።»

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«እነሱም ለእኔ ብለው ነው የሚሉት።»

ወንበር ሳበችና እስክሪብቶና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። «ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ ትይ የለ? የተናገርሽውን ራስሽ አንሺው። ከቅሬታዬ ጋር አያይዘዋለሁ።»

ጎንበስ ብዬ ጻፍኩ። «እኔ ወይዘሮ ማሚቴ ገብረ ማርያም፣ በለቅሶ ቤት የተናገርኩት ስህተት መሆኑን፣ የልጅ ልጄ ኤሌኒ የመዝገብ ቤት ሥራውን በሚገባ መሥራት እንደምትችል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

ጥሩ ነበር። ራሴም ደግሜ አንብቤ ወደድኩት። እሷ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን ስትለብስ ለመፈረም እስክሪብቶውን አነሳሁ፤ ያን ጊዜ፣ መዝገብ ቤቱ ታች መሆኑን ረስቼ፣ ያ ሃያ ሁለት ደረጃ ታየኝ። የተወለወለ ሲሚንቶ ነው። ክረምት ሲመጣ ዝናብ ይገባበታል። መደርደሪያው ደግሞ የሰው ቁመት አለው ይላሉ፤ መዝገብ ከላይ ቢወርድባትስ? እኔ ካልነገርኳቸው ማን ይነግራቸዋል? ባዶ ቦታ ነበረና፣ ከፊርማዬ ቦታ በላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ አንድ መስመር ጨመርኩ።

«ሆኖም ደረጃው እንዳያዳልጣት፣ ከባድ መዝገብም እንዳታነሳ፣ ቀና ሰው አጠገቧ እንዳይጠፋ፣ አደራ።»

ከዚያ ፈረምኩ።

ኤሌኒ መጥታ ወረቀቱን አነሳችው። ስታነብ ፊቷን አየሁት፤ ከላይ ጀምሮ እያበራ ወረደ። ታች ሲደርስ ቆመ። ያችን መስመር ሁለት ጊዜ ያነበበቻት መሰለኝ።

«ሌላ ልጻፍልሽ? ላጥፋው እንዴ?» አልኳት።

ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት አልፏል። ወረቀቱን ከነበረበት ቦታ መልሳ አስቀመጠችው፤ በነፋስ እንዳይበርብኝ እስክሪብቶውን ከላዩ አኖረችበት። ቃለ ጉባኤውንና ቅሬታዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ክራንቿ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ነበር፤ ላቀብላት ብድግ ስል ቀድማኝ አነሳችው።

በሩ ድረስ ተከተልኳት። እጄን ዘረጋሁ። «በርቺ» ልል አፌን ከፈትኩና ቃሏ ምላሴ ላይ ደረቀች። ሁለቱን ደረጃ ብቻዋን ወረደች፤ አንድም ጊዜ ሳትንገዳገድ፣ ዞር ሳትል ወጥታ ሄደች።