የአባ ሶማናንዳ ምሳ

ሂሩኒ የኮኮናት ልጣጩን እሳት እፍ እያለች ዓይኗ በጭስ ሲለበለብ እጇ ግን ሥራ አልፈታም ነበር። እናቷ ኩሱማ ፊቷን እስክታዞር ጠብቃ እጇን ወደ ድስቱ ሰደደችው። የእናት ማንኪያ ግን ከጀርባም ያያል፤ መጥቶ የእጇ አንጓ ላይ አረፈ።

«እጅሽን ሰብስቢ። አባ ሳይቀምሱ ማንም አይቀምስም።»

ጋዝ ካለቀ ወር አልፎታል። አባትየው ባጃጁን ይዞ ኩሩኔጋላ ከተማ የቤንዚን ሰልፍ ላይ ካደረ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቤት ውስጥ የነበረው ሩዝ በሙሉ አሁን ድስቱ ውስጥ ነው፤ ሁለት ጣሳ። እነሱ ሳምንቱን ሙሉ የኖሩት ከጓሮ በሚቆፈር ካሳቫ ሲሆን እሱም ወደ ማለቁ ነው። ነገር ግን ዛሬ ለአባ ሶማናንዳ የቡድሃ ገዳም ምሳ የማቅረብ ተራ የደረሰው እነሱ ቤት ነው፤ በወር አንድ ቀን፣ ከአያቷ ጊዜ ጀምሮ። ስለዚህ ሩዙም፣ ምስሩም፣ ያቺ አንዲት የአሳ ቋንጣም ወደ ገዳም ሊሄዱ ነው።

የአራት ዓመቷ ሴኑሪ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ድስቱን ታያለች። ማልቀስ ካቆመች ሦስት ቀን ሆኗታል። ሂሩኒን የሚያንገበግባት ይኸው ነበር፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር።

«እማ፣ አባ ከቀትር በኋላ አይበሉም አይደል?»

«አይበሉም።»

«እኛ ደግሞ ከቀትር በፊትም አንበላም። ታዲያ መነኩሴው ማን ነው?»

ኩሱማ ሳታስበው ሳቅ አመለጣትና መልሳ ዋጠችው። ጎረቤታቸው ማጊሊን ከአጥሩ ማዶ ሆና ስትሰማ ኖሯል፤ ልጅቷ እውነቷን ነው አለች። የእሷ ቤት ተራውን ካቋረጠ ሦስት ወሩ እንደሆነ፣ የመንገዱ ማዶ ቤቶችም እንደተዉት፣ ቡድሃ ራሱ የሩዝን ዋጋ ቢሰማ ይቅር እንደሚል ዘረዘረች። ኩሱማ ድስቱን ማማሰል ቀጠለች። ሴትየዋ ስትሄድ ነው ለልጇ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የተናገረችው።

«የምሠራበት ፋብሪካ ሲዘጋ ዝም አልኩ። የጆሮ ጌጤ ሲሸጥም ዝም አልኩ። ይቺን ቀን ከተውኩ ግን ለማኝ ሆንኩ ማለት ነው። የሚሰጠው ያለው ሰው ለማኝ አይደለም፤ ገባሽ?»

ሂሩኒ አልገባትም። የገባት ሌላ ነገር ነው። ፊቷን ወተት እንደምትለምን ድመት አሳምራ፣ ምሳውን እኔ ላድርስ፣ ሴኑሪንም ይዣት ልሂድ አለች። ኩሱማ ባለ ሦስት ድርቡን ምሳ ዕቃ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለች፤ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ግንባሯን አስነካችውና ሰጠቻት።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ ከግድቡ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ሂሩኒ እህቷን አስቀምጣ ክዳኑን ከፈተች።

«ብይ።»

«አባ ሳይበሉ?»

«አባ ፈቅደዋል።»

«መቼ?»

«በሕልሜ። ብይ አልኩሽ።»

ሴኑሪ አንድ ጎረሰች፤ ሳታኝክ ዋጠች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሂሩኒ ያሰበችው ምግቡን በሙሉ አብልታ፣ ዕቃውን በግድቡ ውሃ አለቅልቃ፣ «አባ መረቁሽ» ብላ ወደ እናቷ ልትመለስ ነበር። በሦስተኛው ጉርሻ ላይ ግን ምሳ ዕቃውን ያስነካችው የእናቷ ግንባር ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት። ለመነኩሴ የተዘጋጀ ምግብ ቀድሞ የቀመሰ ሰው፣ አፉ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል የተራበ መንፈስ ሆኖ ይወለዳል ስትል አያቷ ታስፈራራቸው ነበር። የእህቷን እጅ ያዘች። ጎድጎድ ያለውን ሩዝ ልስን እንደሚለስን ግንበኛ በመዳፏ አስተካክላ ክዳኑን ገጠመች። ሴኑሪ አሁንም አላለቀሰችም።

ገዳሙ ግቢ ሲደርሱ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ጠራጊው ሽማግሌ ፒያሴና ምሳ ዕቃውን ሲያይ መጥረጊያውን ትቶ ወደ ጥግ ሳባት። ከሰኞ ወዲህ አንድም ቤት ተራውን እንዳላደረሰ፣ ወጣቶቹ መነኮሳት ወደየሰፈራቸው እንደተላኩ፣ እሱ ለአባ ሙዝ ሲያመጣላቸው ቆይቶ ትናንት ሙዙም እንዳለቀ በሹክሹክታ ነገራት።

«ለምን ለሰዉ አይናገሩም?» አለች ሂሩኒ።

«መነኩሴ አይጠይቅም፣ ልጄ። የሰጡትን ይበላል፤ ካልሰጡት ይቀመጣል።»

አባ ሶማናንዳ ዝቅተኛዋ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከመክሳታቸው የተነሳ ብርቱካናማው ልብስ ብቻውን የተቀመጠ ይመስል ነበር። ሂሩኒ ተንበረከከች። ደንቡን ታውቀዋለች፤ ምግቡን በሁለት እጇ አንስታ እስካልሰጠቻቸው ድረስ እሳቸው በጣታቸውም አይነኩትም። ግን ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አባ፣ ምግቡ ተነክቷል።»

«ምን ነካው?»

«እህቴ ሦስት ጉርሻ በልታለች። ያበላኋት እኔ ነኝ። እማ አታውቅም።»

ሴኑሪ ከእህቷ ጀርባ ተሸጎጠች፤ አገጯ ላይ አንድ ፍሬ ሩዝ ተጣብቋል። አባ ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

«ጠገበች?»

«አልጠገበችም።»

«እንግዲህ ከሰጠሽኝ እበላለሁ። ይዘሽው ብትመለሺም አልቀየምሽም። ስጪኝ ልልሽ ግን አልችልም።»

ሂሩኒ በዚያች ሰዓት ጠላቻቸው። ቢቆጧት፣ ቢያባርሯት፣ ወይም እጃቸውን ዘርግተው ቢቀበሏት ምናለበት? ሸክሙን እላይዋ ላይ ጣሉት። ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ስድስት ካለፈ ምግቡ ለዛሬ አይሆናቸውም። ዓይኗ ጉልበታቸው ላይ ወዳረፉት እጆቻቸው ሄደ። ቆዳና አጥንት ብቻ ነበሩ። አነሳችውና ሰጠቻቸው።

አባ በጣታቸው ጫፍ ትንሽ ትንሽ እያነሱ በሉ። ቋንጣዋን አልነኳትም። ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርሱ እጃቸውን ታጠቡና ምሳ ዕቃውን ወደ ሴኑሪ ገፋ አደረጉት። መነኩሴ የተወው ምግብ ለማንም የተፈቀደ ነው፤ ይህን ሴኑሪም ታውቃለች፣ ሁለተኛ ቃል አልጠበቀችም።

«አባ፣ አልጠገቡም» አለች ሂሩኒ።

«በቃኝ።»

«መነኩሴ ይዋሻል እንዴ?»

ፒያሴና በሩ ላይ ሆኖ በድንጋጤ አፉን ያዘ። አባ ግን ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸውና ውሃ እስኪጠጡ ድረስ አላቆመም።

«በቃኝ አልኩ እንጂ፣ ጠገብኩ መቼ አልኩ?»

ሂሩኒ እናቷን አሰበች። እናቷም ማታ ማታ ካሳቫውን ወደ እነሱ ገፋ ስታደርግ ይችኑ «በቃኝ» ነበር የምትለው፤ ሂሩኒ ደግሞ እስከ ዛሬ እውነቷን መስሏት ስትበላላት ኖራለች።

ነገ ተራው የማን ቤት እንደሆነ ፒያሴናን ጠየቀችው። ፒያሴና ቅድም የጠረገውን መሬት እንደገና መጥረግ ጀመረ።

«ነገ ካሳቫ ነው» አለች ወደ አባ ዞራ። «ካሳቫ ብቻ። ጨውም ላይኖረው ይችላል።»

አባ ዝም አሉ። መነኩሴ ግብዣውን ካልፈለገ አይሆንም ይላል፤ ዝም ካለ እሺ ማለቱ ነው። ሂሩኒ ባዶውን ምሳ ዕቃ ቀስ ብላ ገጣጠመች፤ ጨርቁን ፈትታ ደግማ አሰረችው። አይሆንም እንዲሉ ጊዜ ሰጠቻቸው። እንዲሉላትም በልቧ ለመነች። አላሉም።

«እንግዲያው ሌሊት ነው የምነሳው» አለች፤ የእህቷን እጅ እየያዘች። «ካሳቫ ቶሎ አይበስልም።»